ስልኩ እያለ ላፕቶፑ ለምን?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። አንዱ ከደሴ ነው፣ አንዱ ከጎንደር፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ደግሞ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ጥያቄያቸው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። ስልክ ሁሉን ከቻለ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል?

ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አቤቱታ፣ የእድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ዛሬም ቀኔ የሚጀምረው ላፕቶፕ ከፍቼ ነው። የምመልሰውም ካየሁትና በእጄ ከሠራሁት ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። መምህር ነኝ። ልጄ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳለች። የያዘችው ስልክ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ባትሪውም አይቆይም። እኔና እናቷ እቁብ ደርሶናል። ብሩ አንድ አዲስ ስልክ ወይም አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል፤ ሁለቱን አይገዛም። ልጄ የምትፈልገው ስልኩን ነው። «ሁሉንም በስልክ እሠራለሁ፤ ጓደኞቼም እንደዚያው ናቸው» ትላለች። የእኔ ልብ ወደ ላፕቶፑ ያደላል። ለምን እንደሚያደላ ግን ላስረዳት አልቻልኩም። ምን ትመክሪናለሽ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፑን ይግዙላት። የስልኳን ስክሪንና ባትሪ ደግሞ ያስቀይሩላት። ይህ አዲስ ስልክ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። እሷም ስልክ አልባ አትሆንም።

ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ተማሪ ላንሳልዎ። ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ማታ ልንዘጋ ስንል ስልኩን በእጁ ይዞ ገባ። መመረቂያ ጽሑፉን የሚያስገባበት ቀን ሦስት ቀን ቀርቶታል። «ጽሑፉ የታለ?» አልኩት። «እዚህ ውስጥ ነው» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ዓመቱን ሙሉ የጻፈው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ለራሱ መልእክት እየላከ። ወደ እኔ ሲያስተላልፈው 214 መልእክት ሆነ። ሠንጠረዦቹን ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ አስምሮ ፎቶ አንስቷቸዋል።

አንድ በአንድ እየቀዳሁ ወርድ ላይ አሰፈርኩት። ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ምዕራፍ አራት ላይ አንድ ሐሳብ የያዙ ሁለት አንቀጾች አገኘሁ። የታረመው የቱ እንደሆነ ስጠይቀው እሱም አላወቀም።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። አማካሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብቦ፣ ወርድ ላይ ኅዳጉን ይዞ አስተያየት ጽፎ በኢሜይል ልኮለታል። ልጁ ፋይሉን በስልኩ ሲከፍተው ዋናው ጽሑፍ ብቻ ነው የታየው። አስተያየቶቹ ተደብቀዋል። መምህሩ ስህተት አላገኘብኝም ብሎ ሦስት ወር ቀጠለ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ግን የገጹ ቀኝ ጎን ከላይ እስከ ታች በአስተያየት ተሞልቷል። ቆጠርናቸው። 31 ነበሩ። የልጁ ፊት እንዴት እንደተለወጠ እስካሁን አልረሳውም።

ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ከፈትኩለት። ጎንበስ ብሎ ዝም አለ። ደቂቃ ሳይሞላ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ይሄ እዚህም አለ» አለኝ። ቀጠለና «ይሄኛው ከዚያኛው መቅደም ነበረበት» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ የማደርገው አልነበረም፤ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ አዛውራለሁ። የራሱን ጽሑፍ ዓመቱን ሙሉ በመዳፉ ልክ እየቆራረጠ ነበር ሲያየው የኖረው። ገጹን ሙሉውን ሲያየው ስህተቱን ራሱ እየለቀመ አወጣው።

ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። 60 ገጽ በአውራ ጣት መጻፍ ትልቅ ብርታት ነው። ግን ብርታቱ በሙሉ ከስልኩ ጋር በመታገል አለቀ። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጆች ብዙ አይቻለሁ። አንዳቸውንም «በዚህ አይሠራም» ብሎ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። አካውንቲንግ ነው የምትማረው። የአካውንቲንግ ምሩቃን ሲቪ ሊያስጽፉ እኛ ጋ ሲመጡ የሥራ ማስታወቂያውን ይዘው ነው። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም መቻልን የማይጠይቅ ማስታወቂያ ያየሁት ጥቂት ነው። ፒችትሪ ደግሞ የሚጫነው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ስልክ ላይ አይሠራም። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል። እኛ አገር ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። ልጅዎ በሁለቱ ቀሪ ዓመታት ቤቷ ተቀምጣ ብትለማመደው ስትመረቅ ለማሠልጠኛ የምትከፍለው ብር ይተርፋታል።

ኤክሴል ስልክ ላይም አለ። እሷም ይህን ትልዎታለች። እንግዲያው አሥር ዓምድ ያለውን ወርክ ሺት ስልኳ ላይ ከፍታ ታሳይዎ። በአንድ ጊዜ የሚታየው ሦስት ወይም አራት ዓምድ ነው። ዴቢቱን ስታይ ክሬዲቱ ይጠፋል፤ ክሬዲቱን ስትፈልግ የሒሳቡ ስም ይጠፋል። አሳንሳ ሁሉንም ልታይ ብትሞክር ቁጥሩ አይነበብም። ላፕቶፕ ላይ አሥሩም ዓምድ ፊቷ ነው። ሒሳብ ደግሞ ግራና ቀኙን አብሮ ማየት ነው፤ ይህን ለመምህር አልነግርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. አንስቶ በከፊል ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ማውስ መለማመድ አይቻልም፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ዕውቀቱ እያላት ጠቋሚውን ፍለጋ የምትባክን ልጅ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ስልክን አልንቅም። ቴሌብር፣ የባንክ መልእክት፣ ፎቶ፣ ከዘመድ ጋር መደዋወል፣ ይህ ሁሉ የስልክ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት እንኳ *127# ብሎ ገንዘብ መላክ ይቻላል። ለዚህ ላፕቶፕ ግዙ ብል ያሳፍረኛል። ለዚህ ሁሉ ግን የተጠገነው ስልኳ ይበቃታል።

ሁለት ስሞታ ከልጅዎ መምጣቱ አይቀርም። አንደኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪው ይቀጥላል። ደህና ባትሪ ያለው ሁለት ሦስት ሰዓት ያሠራል። ቢያንስ የጀመሩትን ጨርሶ፣ አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ፓኬጅ ነው፤ «ላፕቶፕ ዳታ ይበላል» ትላለች። እውነቷን ነው። ከስልኳ ሆትስፖት ከፍታ ላፕቶፑን ስታገናኘው ዊንዶውስ የሞላ ዋይፋይ ያገኘ መስሎት ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል። የሳምንቱ ፓኬጅ በአንድ ከሰዓት ሊያልቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ፣ የተገናኘችበትን ዋይፋይ ስም ነክታ፣ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ታብራው። ማሻሻያውን ግቢ ውስጥ፣ የዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ሲኖር ታውርደው። ወርድና ኤክሴል ግን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ።

አሁን ግዢው። ዋጋ አልጠራም፤ ይህ እትም እጅዎ እስኪገባ ሊለወጥ ይችላል። የሚታየውን ግን ልንገርዎ። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ሥራውን ሁሉ የሚያስኬደውን ቺፕ፣ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ካለዎ ያ አይበቃም። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት የሚለውን ያስከፍቱት። «አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ ሰረዝ አለ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር በ8 ከጀመረ፣ ለምሳሌ 8250 ከሆነ፣ 8ኛ ነው። በ10 ወይም በ11 ከጀመረ ይበልጥ አዲስ ነው። በ4 ወይም በ6 ከጀመረ ዋጋው ለዚህ ነው የረከሰው። ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ 8 ጊጋ ይሁን። ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ይሁን፤ 256 ጊጋ ለእሷ ይበቃል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ያለበትን ርካሽ ነው ብለው አይውሰዱ። ለመክፈት ብቻ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ልጅዎ ተሰላችታ ወደ ስልኳ ትመለሳለች።

ከዚያ ቻርጀሩን ያስነቅሉና ሱቁ ውስጥ 20 ደቂቃ ቁጭ ይበሉ። ቪዲዮ ያስከፍቱ። ባትሪው ከ100 ወደ 60 ከወረደ ባትሪ መግዛት አለብዎት ማለት ነው፤ ዋጋውን ያስቀንሱ። ኖትፓድ ከፍተው ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ይንኩ። ነጭ ገጽ ከፍተው ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ጥላ መኖሩን ይዩ። ክዳኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ይክፈቱ ይዝጉ፤ ማጠፊያው ከተንቋቋ የተሰነጠቀ ነው። ያገለገሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ውጭ አገር ከድርጅት የወጡ ናቸው። ሲበራ የድርጅት ስም አምጥቶ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ይተዉት። «ነገ እከፍትልዎታለሁ» ቢሉዎትም ይተዉት። በመጨረሻ ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑን መለያ ቁጥርና የዋስትናውን ጊዜ ያስጽፉ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ጎንደር ነው ያለሁት። አጫጭር ልቦለድ እጽፋለሁ። በስልክ አማርኛ በጣም ፈጣን ነኝ። ላፕቶፕ ላይ ግን ቁልፎቹ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሌላም አለ። አባቴ ድሮ ያስጻፋቸው የቤተሰብ ታሪክ ማስታወሻዎች በፍላሽ አሉን። በስልኬ ስከፍታቸው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው የሚመጣው። ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። አልተበላሹም። እባክህ እንዳትሰርዛቸው።

ድሮ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደሎቻችንን የሚያስቀምጠው በራሱ መንገድ ነበር። ከጀርባ የተመዘገበው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ በላዩ ላይ «ለ» ወይም «መ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከጀርባ ያለው ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ሁሉም መሣሪያ በጋራ በሚያነበው የፊደል አመዘጋገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወደ ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ በተባለው ፎንት የመጣው ቪስታ ከተባለው እትሙ ጋር፣ በ2007 አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ ጽሕፈት ቤቶች በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር የሚጽፉት። እኔም በእነሱ ነው የጀመርኩት።

ስለዚህ ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ክፈተው። ወርድ ላይ ጽሑፉን ምረጥና የፎንቱን ስም አንብብ። ያንን ፎንት አንድ የቆየ ጽሕፈት ቤት ሄደህ በፍላሽ አስቀዳ። ስትጭነው የአባትህ ቃል በአማርኛ ይመጣል። አንድ ደንበኛችን የሟች እናቷን የምግብ አሠራር ማስታወሻ እንዲህ አውጥተንላታል። ፎንቱን ስጭነው የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሽሮ እንዲጥም» የሚል ወጣ። ልጅቷ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ከወጣ በኋላ አትዘናጋ፤ ወደ ዩኒኮድ አስቀይረው፣ ካልሆነም ተቀምጠህ እንደ አዲስ ጻፈው። ያን ጊዜ በስልክህም ይነበባል፣ ለልጆችህም ይተርፋል። ይህን የማዳን ሥራ በስልክ እሞክራለሁ ብትል ጊዜህን ነው የምታባክነው።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ። ኪማን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የአማርኛ ኪቦርዱን አብረህ አውርድ። አጻጻፉ በድምፅ ነው። «ኤስ» እና «ኢ» ስትነካ ሰ፣ «ኤል» እና «ኤ» ስትነካ ላ፣ «ኤም» ብቻ ስትነካ ም። ሰላም ጻፍክ ማለት ነው። ቁልፎቹ ላይ አማርኛ መለጠፍ አያስፈልግህም። በስልክህ የምትጽፈው በዚሁ በድምፅ ዘዴ ከሆነ ግማሹን ታውቀዋለህ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያናድዱሃል። ከስልኩ ትዘገያለህ። ለዚያ ሁለት ሳምንት ታገሥ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ጻፍ። ከዚያ በኋላ አሥሩም ጣትህ ይሠራል። እኔ ያየሁት ትልቁ ልዩነት ግን ፍጥነቱ አይደለም። ልቦለድ ጸሐፊ ነህና ይህ ይገባሃል። በስልክ የተጻፈ ታሪክ አንቀጹ ያጥራል፤ ሁሉም ነገር እንደ ቴሌግራም መልእክት ይቆራረጣል። ጸሐፊው ከሦስት መስመር በላይ ስለማያይ ሐሳቡንም እዚያው ይዘጋዋል። ሊያስጽፉ ከሚመጡ ወጣቶች በስልክ የጻፈውንና በእጁ ደብተር ላይ የጻፈውን ስም ሳላይ እለየው ነበር። የደብተሩ ረጅም ትንፋሽ አለው። ላፕቶፕ ከስልክ ይልቅ ለደብተር ይቀርባል።

ደግሞም ስልኩ የማትፈልገውን ቃል እየገመተ ያቀርብልሃል። «ሠርግ» ልትል «ሰርግ» ይሰጥሃል፤ ትቀበለዋለህ። ፊደል የሚመርጥ ጸሐፊ ከሆንክ ምርጫው የአንተ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? የሰፈራችን እድር ሒሳብ ያዥ ነኝ። ዕድሜዬ 58 ነው፤ አባሎቻችን 186 ናቸው። ልጄ ስልኬ ላይ ኤክሴል ጭኖልኝ መዋጮውን እዚያ ነው የምሞላው። ባለፈው ሰሞን የጥር ዓምድ በሙሉ ጠፋብኝ። ምን እንደነካሁ አላውቅም። ልጆቼ «ላፕቶፕ ይከብድሻል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ አይከብድዎትም። 186 ሰው ስም በስልክ ስክሪን ላይ እየፈለጉ የሞሉ እናት ላፕቶፕ አይከብዳቸውም። እንዲያውም የከበደው አሁን የሚሠሩበት ነው።

ዓምዱ ምን እንደነካው እገምታለሁ። ስልክ ላይ ለማንበብ የሚያንቀሳቅሱበት ጣትና የሚጽፉበት ጣት አንድ ነው። ወደ ታች ልውረድ ሲሉ ዓምዱን ይመርጡታል፤ ያልፈለጉት ትንሽ ሜኑ ይመጣል፤ እሱን ላጥፋ ሲሉ «ሰርዝ» የሚለውን ይነኩታል። ላፕቶፕ ላይ ማንበቢያውና መጻፊያው የተለያየ ነው። ቢሳሳቱ እንኳ ኮንትሮልና «ዜድ» አብረው ሲነኩ ይመለሳል።

ለእርስዎ ርካሽ ላፕቶፕ ይበቃል። ኤክሴል መግዛት አያስፈልግም፤ ሊብረ ኦፊስ ነፃ ነው፣ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ልጅዎ አንድ ነገር ብቻ ያስተካክልልዎ። የአባላቱ ስም ያለበትን ዓምድና የወራቱ ስም ያለበትን መስመር «ፍሪዝ» ያድርግልዎ። ከዚያ እስከ ሰኔ ቢሄዱ ስሙ ከፊትዎ አይጠፋም። የማን መዋጮ የማን ላይ እንደገባ ግራ አይጋቡም።

የወረቀት መዝገቡን ግን አይተዉት። የእድር ገንዘብ ነው፤ ሰው ሲያልፍ በዚያው ሰዓት የሚፈለግ ነው። በየወሩ መጨረሻ አትመው ፊርማ አሰባስበው ያስቀምጡ። ለማሳተም ሲሄዱ ሌላ ነገር የሌለበት ፍላሽ ይያዙ፤ ፋይሉንም ፒዲኤፍ አድርገው። በየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር የሚዞር ቫይረስ አለ፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ያደርገዋል። ያ ቢደርስብዎ ፍላሹን ፎርማት አታስደርጉ። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ያወጣቸዋል። የጥር ወርን ዓምድ ደግሞ አባላቱ ከያዙት የክፍያ ካርድ ላይ እንደ አዲስ ይሙሉት። አድካሚ ነው፤ ግን ይሞላል።

ጥያቄ፦ እህት ዓለም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አዳማ ያለው ታናሽ ወንድሜ «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለውን የኮድ አጻጻፍ ሥልጠና ጀምሯል። ላፕቶፕ ላክልኝ ይለኛል። ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ ጓደኛ አለኝ። ታብሌት ቀላልና ርካሽ ነው፤ እሱ አይሻልም? ወይስ በዊንዶውስ ፋንታ በጉግል ሥርዓት የሚሠራውን ክሮምቡክ ልግዛለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላፕቶፕ ይላኩለት። ያ ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ወጣት በስልኩ ተመዝግቧል፤ ቪዲዮውንም በስልክ ማየት ይቻላል። ኮድ ሲጻፍ ግን ትምህርቱ በአንድ በኩል፣ የሚጽፈው በሌላ በኩል ተከፍቶ መታየት አለበት። አንዲት ቅንፍ ብትጎድል ፕሮግራሙ አይሠራም። ያቺን ቅንፍ በስልክ ኪቦርድ ላይ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ገጽ መቀየር አለበት። ታብሌትም ከዚህ አያድነውም፤ ሰፋ ያለ ስልክ ነው።

ክሮምቡክ እዚያ ላሉ ተማሪዎች ጥሩ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት አለው። ወንድምዎ ግን ዳታ የሚገዛው በፓኬጅ ነው። ክሮምቡክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ማሻሻያ የሚያቆምበት ቀንም አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ያ ቀን የቀረበባቸው ናቸው። ዊንዶውስ ያለው፣ ከድርጅት የወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻለዋል። ለደሴው አባት የጻፍኩትን ስለ ጀነሬሽን፣ ራምና ኤስኤስዲ ያለውን እርስዎም ይከተሉ። የአሜሪካ ኪቦርድ መሆኑ አያሳስብዎ፤ እኛም የምንጽፈው በእሱ ነው።

ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ የእኛን 220 ይችላል። ሶኬቱ ግን ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ ወደ ክብ የሚቀይረውን አብረው ይላኩ።

ከመላክዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ይስጡት። እዚያ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው። ማሻሻያውን ሁሉ ያውርዱ፣ ኪማንንና ሊብረ ኦፊስን ይጫኑ፣ ወንድምዎ የሚፈልጋቸውን የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች ጠይቀው ያውርዱ። ለእሱ የሳምንታት ፓኬጅ አተረፉለት ማለት ነው። የእርስዎን ፎቶና የይለፍ ቃል ያጥፉ፤ በእሱ ስም ይክፈቱለት። ጓደኛዎ በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ ባትሪ ስላለበት በሚጫን ሻንጣ አይሁን። ቻርጀሩም እዚያው አብሮት ይሁን። ዕቃ በሁለት ሻንጣ ተከፍሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ቻርጀሩ ነው።